ከያሬድ ትል እስከ ቡሄ ጅራፍ

የኢትዮጵያ የዜማ ታሪክ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት በኰበለለ ልጅ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የተወለደው ያሬድ ገና በልጅነቱ አባቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ወስዳ ሰጠችው። መምህሩ መዝሙረ ዳዊትን ሊያስተምረው ቢደክምም ትምህርቱ ለልጁ አልገባ አለው። ባልንጀሮቹ ቀደሙት፤ ሳቁበትም። መምህሩም ተቈጥቶ ገረፈው። ያሬድ ግርፋቱን መታገሥ ቢሳነው ጥሎ ሄደ፤ ማይ ኪራህ ከሚባል ስፍራ ሲደርስም ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣና ሲወድቅ፣ እንደ ገና ሲወጣና እንደ ገና ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ከላይ ሲደርስ አየ። ልጁ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ትምህርቱም ተገለጠለት። ዛሬ ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ በስሙ የሚጠሩለት ቅዱስ ያሬድ ይህ ልጅ ነው።

ታሪኩን አብዛኞቻችን የሰማነው የትዕግሥት ትምህርት ሆኖ ነው። ነገር ግን ዐይናችንን ከተማሪው ወደ መምህሩ መልሰን ብናነበው ሌላም ነገር ይነግረናል። ልጁን ያባረረው አለንጋው ነው፤ የመለሰው ግን ዐይኑ ነው። በቍጣ ያልገባው ነገር በማየት ገባው። አበው ይህን ታሪክ ሲያቈዩልን የመምህሩን ግርፋት አልደበቁም። የኢትዮጵያ ዜማ አባት ከዱላ ሸሽቶ ሳለ ልቡ የበራለት መሆኑን በግልጽ ጽፈው ተዉልን። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ መንፈሳዊ ዜማ ወደ ልጆች ልብ ሲገባ የኖረው በየትኛው በር ነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዜማው በምልክት የተጻፈው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ትውፊቱም ሥራውን ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ዘመኑ ብዙ አድባራት የተቃጠሉበትና ሊቃውንት ያለቁበት ጦርነት የነበረበት ዘመን ነው። እንግዲህ ከያሬድ አንሥቶ እስከዚያ ድረስ፣ አንድ ሺህ ዓመት ለሚያህል ጊዜ፣ ዜማው በብራና ላይ አልነበረም፤ በሰው ቃል ላይ ነበር። ምልክቶቹም ቢሆኑ፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት፣ ዜማውን ከመምህር አፍ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ናቸው እንጂ ላልሰማው ብቻቸውን አይናገሩም። ስለዚህ በየትውልዱ ዜማውን ወድዶ የሚይዝ ልጅ ሊገኝ ግድ ነበር። አንድ ትውልድ ሰልችቶት ቢተወው ኖሮ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚያስነሣው አልነበረም።

ይህ አደራ የሚጀምረው ከንባብ ቤት ነው። በዚያ ልጅ ፊደል የሚቈጥረው በለሆሳስ ሳይሆን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ሰባቱን ድምፆች ሲያወርዱ ከሩቅ ለሚሰማ መንገደኛ ማኅበር የሚዘምር ይመስለዋል። መልእክተ ዮሐንስ ላይ ሲደርሱ ያንኑ ቃል በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይመላለሱበታል፤ በዚህም የልጁ ጆሮ ወደ ዜማ ቤት ሳይገባ ገና ማንሣትንና መጣልን፣ ማርዘምንና መቍረጥን ይለምዳል። ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። መጽሐፍ የማይታይበት ጨለማ ለጆሮ የተመቸ ጊዜ ነውና መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ቃሉን ይሰጣል፣ ታናሹም ይቀበላል። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለ ሆነ ልጁ ከቀኑ ጋራ እያዛመደ ይይዘዋል፤ የሳምንቱ ዙር ራሱ አስታዋሽ ይሆንለታል።

በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ጥበቦች ነበሩ። አንደኛው ትልቁ ልጅ ለትንሹ ማስተማሩ ነው። የኔታ ብቻቸውን ሁሉን አያዳርሱም፤ ስለዚህ ትናንት የተማረው ዛሬ ያስተምራል፣ በማስተማሩም ያጸናዋል። ሁለተኛው ትምህርቱ መጨረሻው ደስታ መሆኑ ነው። ልጁ ዳዊት ደገመ በተባለ ጊዜ ወላጆች እንደ ዐቅማቸው ይደግሳሉ፤ የኔታ ይከበራሉ፤ ልጁም በጎረቤት ፊት ሰው ይሆናል።

ይሁን እንጂ የዚያ ቤት ታሪክ ማር ብቻ አልነበረም። አለንጋ ከየኔታ እጅ አይለይም ነበር፤ መኰብለል የለመደ ልጅም እግሩ በሰንሰለት የታሰረበት ጊዜ ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጁ ውሻ ጋራ እየታገለ በልመና የሚያድር ነበር። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ደራሲ እንደ መሆናቸው ይህን ዓለም ከውስጡ ያውቁታል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ድምፁ የራሱ ነው፤ ስእለቱ ግን የወላጆቹ ነው። መንፈሳዊ ዜማን ለልጅ ማስተማር ምን ያህል ከባድ አደራ እንደ ሆነ ለማሰብ ይህ አንድ ገጸ ባሕርይ ይበቃል። ልጁ ያልመረጠውን ነገር ስንሰጠው፣ አድጎ ራሱ ሊመርጠው እንዲችል አድርገን መስጠት ይጠበቅብናል።

ታዲያ ያን ሁሉ ችግር ችሎ የቀረው ተማሪ በምን ተይዞ ቀረ? አንዱ መልስ ማኅሌቱ ይመስለኛል። በማኅሌት አንዱ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ አይታለፍም። በመጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ከዚያ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘነበለ በዝማሜ ይደገማል። ቀጥሎ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው በመረግድ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ፈጠን ብሎ በጽፋት፣ በጭብጨባ ይደመደማል። ከደብተራዎቹ እግር ሥር ቆሞ የሚያይ ልጅ በመጀመሪያው ያልያዘውን በሁለተኛው ይይዘዋል፤ በሁለተኛው ያመለጠው በእግሩና በእጁ ይገባዋል። ሊቃውንቱ ለእግዚአብሔር ምስጋና ያዘጋጁት ሥርዓት ለልጅም ትምህርት ሆኖ ተገኘ።

መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ዝም ያሉ ዕቃዎች አይደሉም። ልጁ ከበሮውን ለምን ጠፍር ከበበው ብሎ ቢጠይቅ የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ይሉታል። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ መሆኑን ይነግሩታል። ጸናጽሉን ቢያነሣ የያዕቆብን መሰላል ይተርኩለታል። በዚህ መንገድ ልጁ ከበሮ ሲመታ ታሪክ እየነካ ነው፤ ረቂቁ የሃይማኖት ነገር በሚጨበጥና በሚሰማ ዕቃ ተተርጕሞ ይደርሰዋል።

ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ የልጆች የራሳቸው የዜማ ትምህርት ቤት አለ፤ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ከመድረሱ በፊት ወንዶች ልጆች ጅራፋቸውን ገምደው ያጮኻሉ። ቤተ ክርስቲያን የጅራፉን ጩኸት በታቦር ተራራ በተሰማው የአብ ድምፅ፣ የችቦውን ብርሃን በክርስቶስ የመለኮት ብርሃን ትመስለዋለች። ሙልሙሉም ብርሃኑ ቀን መስሏቸው ከመስክ ለቀሩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት ዳቦ መታሰቢያ ነው ይባላል። አንድ ልጅ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ ግጥሙ ይጨመርበታል፣ ዜማው ግን ይጸናል። አስተማሪ የለም፤ የሚቈጣም የለም፤ ልጆቹ ግን ከአያቶቻቸው የመጣውን ሳያፈሱ ለታናናሾቻቸው ያደርሳሉ። የየኔታ አለንጋ በልጁ ጀርባ ላይ ይጮኽ ነበር፤ የቡሄ ጅራፍ ግን በልጁ በራሱ እጅ ነው። ከያሬድ ትል ጋራ ይህን ጅራፍ ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በከተሞች የተስፋፉት ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሌላ በር ከፈቱ። መዝሙሩ በአማርኛ ሆነ፤ ልጅ የሚዘምረውን ቃል ወዲያው ተረዳው። አዝማቹ አጭርና ተደጋጋሚ በመሆኑ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ይቀበለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሴቶች ልጆች መግባታቸው ነው። በአሮጌው ሥርዓት እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ግን እኅትና ወንድም ነጠላቸውን አጣፍተው በአንድ ሰልፍ ቆሙ፣ ከበሮም አብረው መቱ። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች የቡሄን አካሄድ ተከትለው የበዓሉን ታሪክ የሚናገር ግጥም እያዘጋጁ ልጆችን ያስወጣሉ። ልጆች የሚወድዱትን ዜማ ከመከልከል ይልቅ በቃል መሙላት ብልኅነት ነው።

ሊቃውንቱ በዚህ ላይ የሚያነሡት ቅሬታ ሊናቅ አይገባም። መዝሙር በካሴት፣ ኋላም በሲዲና በስልክ ሲባዛ ከግእዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ የራቀ ዜማ በዝቷል ይላሉ። ልጁ ከቀላሉ ጀምሮ በቀላሉ ከቀረ የያሬድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ተወልዶ ፊደሉን የማያውቅ ልጅ አለ፤ መዝሙሩን በላቲን ፊደል ጽፈው ነው የሚሰጡት። ድምፁን ይይዛል፣ ትርጕሙን ግን ካልነገሩት አያውቀውም። ስልክ ዜማውን ሺህ ጊዜ ይደግምለታል፤ ሲሳሳት ግን አያርመውም፣ ደክሞ ሲቀመጥ አይጠብቀውም፣ ከበሮውንም አያስይዘውም።

ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006፣ የጥምቀትን በዓል በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረ። መመዝገቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዜማው አንድ ሺህ ዓመት ያለ ምልክት የኖረው አንድ ታላቅ ከአንድ ታናሽ ጋራ በማታ ተቀምጦ ቃል ስለ ሰጠው ነው። ዛሬም ወላጅም ሆነ መምህር ለልጁ ዜማ ሊያወርስ ቢሻ የአበው መንገድ ክፍት ነው፤ በቃል ይስጠው፣ በእጁና በእግሩ ያስይዘው፣ የከበሮውን ታሪክ ይንገረው፣ ታናሹን እንዲያስተምር ይሹመው፣ የተማረውንም በበዓል ቀን በሰው ፊት ያሰማ። ትምህርቱ አልገባው ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ቢያጋጥመውም ማይ ኪራህን ያስብ። ያ ልጅ ያሬድ ሊሆን ይችላልና።