የልጆች ዮጋ እና ለራስ የሚሰጥ ግምት

የልጆች ዮጋ ከሕንድ የመነጨውን የዮጋ ልምምድ ለልጆች ዕድሜና አቅም በሚስማማ መልክ የሚያስተምር ዘዴ ነው። የአካል እንቅስቃሴን፣ ቀስ ያለ አተነፋፈስንና አጭር ዕረፍትን ያጣምራል። በትምህርት ቤቶች ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ያሻሽላል የሚለው ተስፋ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ዮጋ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል «ዩጅ» ከሚለው ሥር የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ማጣመር ወይም መጥመድ ነው። በሬ እንደሚጠመድ ማለት ነው።

ለራስ የሚሰጥ ግምት ምንድን ነው?

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፍ፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት ያሳካው ነገር ሊያሳካ ከሚመኘው ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ ግምቱ ከፍ የሚለው ስኬት ሲጨምር ብቻ ሳይሆን ምኞት ከአቅም ጋር ሲቀራረብም ነው። ሱዛን ሃርተር በ1985 ለልጆች ያዘጋጀችው መለኪያ ደግሞ ጉዳዩን ይከፋፍለዋል፦ የትምህርት ችሎታ፣ በእኩዮች ዘንድ ተቀባይነት፣ የስፖርት ችሎታ፣ መልክና ጠባይ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ልጁ በጠቅላላው ራሱን እንዴት እንደሚያይም ተለይቶ ይመዘናል። በሒሳብ ጎበዝ የሆነች ልጅ በመልኳ ልታፍር ትችላለችና ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው።

ጤናማ ግምት ከትዕቢት ይለያል። ልጁ ድክመቱን እያወቀ ራሱን የማይንቅ ከሆነ ግምቱ ጤናማ ነው ይባላል።

ዮጋ እንዴት ሊረዳ ይችላል?

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «የዛፍ አቋቋም» ነው። ልጁ በአንድ እግሩ ቆሞ የሌላውን እግር መርገጫ በቁርጭምጭሚቱ፣ በባቱ ወይም በጭኑ ውስጠኛ ጎን ላይ ያሳርፋል፤ ጉልበት ላይ ግን አይደረግም። ዓይኑን አንድ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይተክላል። ሁሉም ይወዛወዛል፣ አስተማሪውም ጭምር። እግሩን መሬት አስነክቶ እንደገና መሞከር የልምምዱ ክፍል እንጂ ውድቀት አይደለም። ትናንት እስከ ሦስት ቆጥሮ የወደቀ ልጅ ዛሬ እስከ አሥር ቢደርስ ለውጡን ራሱ ያየዋል፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ቡድን ሲመረጥ ሁልጊዜ መጨረሻ ለሚቀር ልጅ አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት የሰውነት እንቅስቃሴ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አተነፋፈስም ድርሻ አለው። ረዘም አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል። ከፈተና በፊት ወይም በተናደደ ጊዜ ራሱን ማረጋጋት የቻለ ልጅ ስሜቱን መምራት እንደሚችል ይማራል።

የአስተማሪው አነጋገር ግን ሁሉንም ሊያበላሽ ይችላል። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸውን ልጆች በተጋነነ ውዳሴ ማሞገስ ከባድ ነገር እንዳይሞክሩ ሊያደርጋቸው ይችላል። «እጅግ ድንቅ ነህ!» ከማለት «ዛሬ ቀስ ብለህ ተነፈስክ» ማለት ይሻላል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ውጤቱ ድብልቅ ነው፤ ብዙዎቹ ጥናቶችም በጥቂት ልጆች ላይ የተደረጉ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ተካሂዶ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 98 ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ዮጋ፣ ግማሾቹን መደበኛ ስፖርት ለሦስት ወር አሠርቷል። ዮጋ የሠሩት ለራሳቸው የሚሰጡት አጠቃላይ ግምት ቢሻሻልም፣ ከእኩዮች ጋር በተያያዘው ግምት ግን ስፖርት የሠሩት በልጠው ተገኝተዋል። ይህም አብሮ መጫወት የራሱ ጥቅም እንዳለውና ዮጋ የኳስ ሜዳን ሊተካ እንደማይገባ ያመለክታል።

ታሪክና ክርክር

ዮጋን ለልጆች ማስተማር አዲስ አይደለም። ክሪሽናማቻሪያ በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣት ወንዶችን ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የሚስቱ ወንድም አየንጋር (በ1918 የተወለደ) ሲሆን፣ በልጅነቱ በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ የተጎሳቆለ ነበር፤ ኋላ ከዓለም ታዋቂ የዮጋ መምህራን አንዱ ሆኗል።

ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር ያለው ዝምድና ወላጆችን ያሳስባል። በካሊፎርኒያ የኤንሲኒታስ ከተማ ወላጆች ክስ መሥርተው፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 በዚያ የሚሰጠው ትምህርት ሃይማኖታዊ አይደለም ሲል ወስኗል። ትምህርት ቤቶቹ የሳንስክሪት ስሞችን አስቀድመው ትተው ነበር፤ «የሎተስ አቀማመጥ» የሚባለውም እንደማንኛውም እግር አጣጥፎ መቀመጥ ተጠራ። አላባማ ግዛት በ1993 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዮጋን ከልክላ በ2021 ፈቅዳለች፤ ሆኖም «ናማስቴ» ማለትና መዝሙር መዘመር እንደተከለከሉ ናቸው።

ጥንቃቄ

ለትንንሽ ልጆች በጭንቅላት መቆምና ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ መያዝ አይመከሩም። መገጣጠሚያቸው በጣም የሚለጠጥ ልጆች ለመታየት ብለው ከልክ በላይ እንዳይዘረጉ መከታተል ያስፈልጋል። አስተማሪ አቋቋም ለማስተካከል ልጁን ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እምቢ ካለም ይተወዋል። ልጁ ለረጅም ጊዜ ካዘነ፣ ራሱን ከጠላ ወይም ምግብ ከተወ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መውሰድ ይገባል፤ ዮጋ ለዚህ ሕክምና ምትክ አይሆንም።