ከደባልነት እስከ ሁለት ዓመት ውል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይን የሁለት ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ያየው ነበር። ዋጋውም ሆነ ጊዜው በስምምነት ይወሰናል። ችግሩ፣ ቤት ያለውና ቤት የቸገረው እኩል አለመደራደራቸው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 ይህን ገለበጠው። የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ ተከለከለ። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰለት። ርካሾቹ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ውድ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ።

በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የነበረው ተከራይ በእርግጥ ተጠቅሟል። ከዚያ በኋላ የመጣውስ? ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ። ቀበሌም በሚሰበስባት ጥቂት ብር ጣሪያ ማደስ አቃተው። አዲስ መጪው በደባልነት ገባ። ሕጉ ስለማያውቀው፣ ውጣ ሲባል አቤት የሚልበት አልነበረውም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ በገሃድ ተመለሰ፤ ውሉ ግን በአብዛኛው የቃል ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከለከለ፤ ያ ግን ጊዜያዊ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ከ1967ቱ የተለየ መንገድ ያዘ። ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ ውሉ ውስጥ ገባ። የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ አለ። ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያወጣው ጣሪያ ብቻ ሆነ።

በእኔ እይታ ይህ ከውርስ የተሻለ መንገድ ነው። ነገር ግን የ1967ቱ ትምህርት እንዳይረሳ፦ ጥበቃው የደረሰው መዝገብ ውስጥ ለገባው ብቻ ነው። ዛሬም አከራይ ግብር ሸሽቶ ወረቀቱ ላይ ያነሰ ዋጋ ሲያስጽፍ፣ ወይም "አይመዝገብ፣ እንተማመን" ሲል፣ የተስማማው ተከራይ በገዛ ፈቃዱ ደባል እየሆነ ነው። መንግሥትም ቢሆን ጣሪያ በማውጣት ብቻ ቤት እንደማይበዛ ሊያውቅ ይገባል። የሚከራይ ቤት ካልተሠራ፣ ሕጉ ውስጥ ያለውን ጠብቆ ደጅ ያለውን ደጅ ያስቀራል።