እንግዳ ነዎት ወይስ ነዋሪ?

እናቴ አራስ ልታርስ ለንደን ሄዳ ስድስት ወር ከርማ መጣች። የሰው አገር እንዴት ነው ብለን ከበን ስንጠይቃት ስለ ብርዱ አላወራችም፣ ስለ ቤተ መንግሥቱም አላወራችም። ያወራችን ስለ አውቶብስ ነው። እስከ ዛሬም የለንደን ስም በተነሣ ቁጥር አውቶብሱን ታነሣዋለች፤ ስታነሣውም ድምጿ ይለወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታገኛቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ከእሷ ቢበልጡ በሁለት ዓመት ነው፤ ለንደን ግን ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አብረው አውቶብስ ይሳፈራሉ። ሴትዮዋ አንዲት ካርድ ከቦርሳቸው አውጥተው ማሽኑ ላይ ጠጋ ሲያደርጓት ማሽኑ ጢጥ አለና ገቡ። እናቴ ተከትላ ቆመች። ሾፌሩ ነጠላዋን አየ፣ ሽበቷን አየ፣ በእጁ “እለፊ” አላት። “ስንት ከፈሉልኝ?” ብትላቸው ሴትዮዋ ሳቁ። “ምን እከፍላለሁ! እዚህ አገር እኮ ለሽማግሌና ለአሮጊት አውቶብስ ነጻ ነው።” እናቴ በጣም ደስ አላት። ለሳንቲሙ አይደለም። “ለካ ፈረንጅም ሽበት ያከብራል” ብላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ብቻዋን ወጣች። አውቶብሱ ሲቆም ለሾፌሩ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና አለፈች። ይሄኛው ሾፌር ሌላ ነው። ጠራት። ወደ ማሽኑ ጠቆማት። አልገባትም። ሰው ከኋላዋ ተሰልፎ ይጠብቃል። በመጨረሻ ነገሩ ክፍያ መሆኑን ጠረጠረችና መሐረቧን ፈትታ ሳንቲሞቿን ዘረጋችለት። ራሱን ነቀነቀ። የለንደን አውቶብስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ ይህንን ማን ነግሯት! ወረደች። ከዚያ በኋላ ወንድሜ በመኪና ካልወሰዳት በስተቀር ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። “የሽበቴስ ነገር ይቅር፤ ገንዘቤን እንኳ ናቀው” አለችኝ።

ሾፌሩ ምንም አላጠፋም፤ ደንቡ ያለውን ነው ያደረገው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እኩያሞች ናቸው፤ ነጠላቸው አንድ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ነው። አንደኛዋ ለምን አለፈች፣ ሁለተኛዋ ለምን ወረደች? ይህን ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ስከታተለው የወሰደኝ ወደ በርሚንግሃም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በርሚንግሃም አውቶብሶቹ የማዘጋጃ ቤቱ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ምክር ቤቱ አንድ ደግ ሐሳብ መጣለት፤ ዕድሜያቸው 70 የሞላ ወንዶችና 65 የሞላቸው ሴቶች፣ የከተማው ነዋሪ እስከሆኑ ድረስ፣ በነጻ ይሳፈሩ አለ። ማን ይቃወማል? ፕሬስኮት የሚባል አንድ ግብር ከፋይ ተቃወመ። ከተማውን ፍርድ ቤት አቆመው፤ ክርክሩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ድረስ ዘለቀ፤ ምክር ቤቱም ተረታ።

ዳኞቹ ሽማግሌ ጠልተው አልነበረም። ያሉት ባጭሩ ይህንን ነው፦ ማዘጋጃ ቤት የያዘው ገንዘብ የአደራ ገንዘብ ነው። የግብር ከፋዮች አደራ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ወገን መርጦ ከሌሎቹ ኪስ ስጦታ መስጠት፣ ፓርላማ በሕግ ካልፈቀደለት በስተቀር፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሥልጣን አይደለም። ይህ ፍርድ ዕድሜው ረዘመ። ለንደን በ1981 የአውቶብስና የባቡር ዋጋ ለሁሉም ሰው ቀንሳ ስትከሰስ፣ ይኸው የበርሚንግሃም ፍርድ እንደገና ተጠቅሶባት ተረታለች።

ሽማግሌዎቹ ግን ሜዳ ላይ አልቀሩም። ፓርላማው በ1955 ነጻ ጉዞ አስቀድመው የጀመሩ ከተሞች እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በ1964 ደግሞ ማንኛውም አውቶብስ ያለው ማዘጋጃ ቤት እንዲጀምር ተፈቀደ። ለንደን በ1973 ለነዋሪ አረጋውያኗ ካርድ ማደል ጀመረች፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሴትዮ የያዙት ካርድ የዚያ ልጅ ነው። ዌልስ በ2002፣ ስኮትላንድ በ2006 አገር አቀፍ አደረጉት። እንግሊዝም ሚያዝያ 1 ቀን 2008 ተከተለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል ነጻው ካርድ በሥራ ቀን የሚሠራው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ወዲህ ነው፤ ሠራተኛው አስቀድሞ ይሳፈር ተብሎ። አዛውንቶቹ ደግሞ፣ አዛውንት መቼ ይተኛል፣ ሩብ ጉዳይ ሳይሆን ፌርማታው ላይ ናቸው። አውቶብስ በመጣ ቁጥር “ገና ነው እንዴ?” ብለው ይጠይቃሉ። በእንግሊዝኛ “ቱ ኧርሊ” ነው የሚሉት። ሾፌሮቹ ታዲያ ከዚህ ተነሥተው “ትዊርሊ” የሚል ስም አወጡላቸው።

ወደ እናቴ ልመለስ። ነጻው ጉዞ በእንግሊዝ አገር ሕግ ሆኖ የጸናው ለሽበት ክብር ተብሎ ብቻ አይደለም፤ “ከማን ኪስ ነው?” የሚለውን ጥያቄ መልሶ ነው። ስለዚህ ካርዱ ሲሰጥ የሚጠየቀው ፓስፖርት የየት አገር ነው የሚል አይደለም፤ ቤትዎ የት ነው የሚል ነው። ሴትዮዋ ካርዱን ያገኙት ለንደን ስለሚኖሩ ነው እንጂ እንግሊዛዊት ስለሆኑ አይደለም። በአንጻሩ የሰማንያ ዓመት ስኮትላንዳዊ በአገሩ ካርድ በለንደን አውቶብስ ነጻ አይሳፈርም፤ እንደ እናቴ ይከፍላል። ይህን ስነግራት “እንግዲያው ጥቁር ሆኜ አይደለማ!” አለችኝ። ለካ እሱን ነበር ስታስብ የኖረችው።

ደንቡ ፍትሐዊ ነው? የፕሬስኮት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ይመስለኛል፤ የአደራ ገንዘብ በስሜት አይበተንም። ግን የእናቴን ነገር አስቡት። ቪዛዋ ላይ “ጎብኚ” ተብላለች። ምን ጎበኘች? ገንፎ አገነፋች፣ ሕፃን አጠበች፣ ሌሊት ተነሣች። ምራቷ ጊዜዋ ሳይደርስ ሥራዋ ላይ የተመለሰችው፣ ተመልሳም ግብር የከፈለችው እናቴ ቤት ስለነበረች ነው። እንዲህ ያለችውን አያት የሚጠራበት ስም በደንቡ ውስጥ የለም፤ ወይ ነዋሪ ነሽ ወይ ቱሪስት ነሽ። በዚያ ላይ በለንደን አውቶብስ ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የማንም አገር ልጅ ቢሆን፣ አይከፍልም። የልጅ ልጇን ታቅፋ ስትሳፈር ልጁ በነጻ፣ ተሸካሚዋ በሒሳብ!

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የፈተናት አገር አየርላንድ ናት። ቻርልስ ሆሄ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ በ1967 ለጡረተኞች ነጻ ጉዞ ሰጠ። ሰው ሁሉ መረቀው። ግን አየርላንድ በ1950ዎቹ ልጆቿን በመርከብ ያፈሰሰች አገር ናት። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩት ወደ እንግሊዝ ተሻግረው መንገድ ቆፈሩ፣ ቤት ሠሩ፣ ሆስፒታል አስታመሙ፤ ከደመወዛቸውም ቆርጠው ለእናት ለአባታቸው ላኩ። ሸምግለው የትውልድ መንደራቸውን ሊያዩ ሲመጡ ግን፣ እቤት የቀረው ወንድማቸው በነጻ ሲሳፈር እነሱ ቲኬት ይቆርጣሉ። “በላክነው ገንዘብ አገር ቆሞ፣ እኛ ለአውቶብስ እንግዳ ነን?” የሚል አቤቱታ ለዓመታት ቀረበ። የሚኒስትሮቹ መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዜግነት ማዳላት ይከለክላል፤ ለእናንተ ከሰጠን ለጀርመኑም ለጣሊያኑም መስጠት አለብን።

ይህን ሳነብ የእኛው ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ልከው፣ ሲመጡ “ዳያስፖራ ነህ” ተብለው ሁለት እጥፍ የሚጠየቁት። አልፌዋለሁ።

የሚያስገርመው መጨረሻው ነው። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ የአየርላንድ እንግዳ ሲቀንስ ባቡሩ ባዶውን ይሄድ ጀመር። በዚህን ጊዜ በ2010 መንግሥት ለሁሉም ከፈተው፤ ከውጭ የመጣ ዕድሜው 66 የሞላ እንግዳ ለጥቂት ቀናት በባቡር በነጻ ይዙር አለ። ፍትሕ ያላስገኘውን የባዶ ወንበር አስገኘው። ያ ፕሮግራም ዛሬ የለም፤ ብዙም አልቆየ።

የሚኒስትሮቹ መልስ ማምለጫ ብቻ አልነበረም። በ2003 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ጣሊያንን በዚሁ ነገር ረትቷታል፤ በቬኒስ የዶጆች ቤተ መንግሥትና በሌሎች ሙዚየሞች የመግቢያ ቅናሹን ለራሷ ዜጎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ሽማግሌዎች ብቻ ሰጥታ፣ ለሌላው አውሮፓዊ ሽማግሌ በመከልከሏ። ሃንጋሪ በ2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል ታዲያ ለ65 ዓመት ሰዎች የምትሰጠውን ነጻ ጉዞ ለኅብረቱ ዜጎች ሁሉ ዘረጋችው። ዛሬ ስዊድን ወይም ሆላንድ የሚኖር፣ የዚያን አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ አባት ቡዳፔስት ሲሄድ መታወቂያውን አሳይቶ ይሳፈራል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የመጣው ወንድሙ ግን ይከፍላል። እዚያ የሚለየው ቤት አይደለም፤ ፓስፖርት ነው።

ፕራግ ደግሞ ሁለቱንም ትታለች። 65 ዓመት የሞላው ሰው ፎቶና የልደት ቀን ያለበት የመንግሥት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ከያዘ በከተማው ውስጥ በነጻ ይሄዳል፤ የየት አገር ነህ የሚለው የለም። ዋርሶም እንዲሁ ናት፤ ዕድሜው ብቻ 70 ነው። ሉክሰምበርግ የካቲት 29 ቀን 2020 ላይ ነገሩን ከሥሩ ነቅላ ጣለችው፤ አውቶብሱ፣ ትራሙ፣ የባቡሩም ሁለተኛ ማዕረግ ለሁሉም ሰው ነጻ ሆነ። ሽበትም አይታይም፣ ካርድም የለም።

አሜሪካ መንገዷ ሌላ ነው። በ1974 የወጣ ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚቀበል የከተማ ትራንስፖርት ሁሉ፣ ሠራተኛው በማይበዛበት ሰዓት፣ አረጋውያንን ከግማሽ ዋጋ በላይ እንዳያስከፍል አዘዘ። ነጻ ማድረግ የየግዛቱ ፈንታ ነው። ፔንሲልቬንያ አረጋውያኗን በነጻ የምታሳፍረው በሎተሪ ገንዘብ ነው፤ ዕጣ የሚቆርጠው ሁሉ አያቶችን ያሳፍራል ማለት ነው። ኢሊኖይ በ2008 ለ65 ዓመት ሰዎች ሁሉ በነጻ ለቀቀችውና ወጪው ስለከበዳት በ2011 ለድሆቹ ብቻ አስቀረችው። የፕሬስኮት ጥያቄ ባሕር ተሻግሮም ይከተላል።

እንግዲህ እናት ወይም አባት ለምትልኩ፦ ለንደን ከሆነ ነጻ የሚባለውን ነገር እርሱት፤ ከቤት ሳይወጡ ሒሳብ የተሞላ ካርድ እጃቸው ላይ አድርጉላቸው። አንዴ ከተከፈለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶብስ መቀየር ተጨማሪ አያስከፍልም፤ በዚያው ካርድ እስከነኩ ድረስ። ዋሽንግተን ከሆነ 65 ዓመት የሞላው ሰው ፓስፖርቱን ይዞ በአካል ሲሄድ የአረጋውያን ካርድ ያወጣል፤ ግማሽ ዋጋ ነው፤ ነዋሪ መሆን አይጠየቅም። በአጠገቡ ያለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአገራችን ሰው በብዛት ያለባት፣ ከ2021 ጀምሮ አውቶብሷን ለሁሉም ነጻ አድርጋለች። የእኛ ሰው የሞላበት የሲልቨር ስፕሪንግ የካውንቲ አውቶብስም በ2025 ተከትሏታል።

ይህን ሁሉ ማወቄ የጠቀመኝ አሁን ነው። እናቴ እህቴ ጋ ልትሄድ ነው፤ አሌክሳንድሪያ። በሚገባ አስረዳኋት።

“ታዲያ ካርዱ የታለ?” አለችኝ።

“ካርድ የለውም እማ። ዝም ብለሽ መግባት ነው።”

“ያኛውም እኮ መጀመሪያ ዝም ብሎ አሳልፎኝ ነበር።”

“ይሄኛው ግን ለሁሉም ነው። ለወጣቱም፣ ለእንግዳውም።”

ትንሽ አሰበችና፣ “ቢሆንም” አለች፣ “ለእህትህ ደውልላትና ዝርዝር ሳንቲም ታዘጋጅልኝ።”