ካቴናው በደቂቃ ስንት ሜትር ይሄዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ከጎፋ ወደ መካኒሳ፣ ከመካኒሳም ወደ ጀሞ የተጓዘ ሰው መንገዱ ላይ ላቫጆ ሳያይ አይቀርም። ባልዲ፣ አረፋ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ወጣቶች፣ ወረፋ የያዙ ሚኒባሶች። መኪናው ይቆማል፤ ሰዎቹ ይዞሩታል። "ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" ብሎ ለጠየቀ ደንበኛ የሚሰጠውም መልስ የታወቀ ነው፤ "እንደ ጭቃው!"

ዛሬ ልናወራ ያሰብነው ስለዚህ መልስ ነው። በሌላው ዓለም ነገሩ ከተገለበጠ ቆይቷል። እዚያ ሰውም ብሩሽም ባሉበት ይቆማሉ፤ የሚሄደው መኪናው ነው። ወለሉ ላይ የተዘረጋ ካቴና ጎማውን እየገፋ ዋሻ በመሰለ ረጅም ክፍል ያሳልፈዋል፤ በአንዱ በር ቆሽሾ የገባው በሌላው ታጥቦ ይወጣል። እዚያ ጭቃው አይጠየቅም። የሚጠየቀው ካቴናው በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ነው። ይህን ቁጥር ማን ለካው? ማንስ ወሰነው?

አስቀድመን ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። "ላቫጆ" ጣሊያንኛ ነው። ጎሚስታም፣ ግራሶም፣ ቺንጋም፣ ካምቢዮም እንዲሁ። መኪናና ጣሊያንኛ ተያይዘው ነው የገቡብን። "ካቴና"ም ከዚያው ቤት የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች መኪና የሚገጣጠምበትን ተንቀሳቃሽ መስመር "የመገጣጠሚያ ካቴና" ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ካቴና ሲባል መጀመሪያ የሚታየን እጅ የሚታሰርበት ብረት ነው። ነገሩ የአጋጣሚ ይሁን እንጂ ሁለቱ ትርጉሞች ከሚመስለው በላይ ይቀራረባሉ። ለምን እንዳልን ታሪኩ ይነግረናል።

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ናት። እ.ኤ.አ. በ1908 ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን ለገበያ አቀረበ። ፈላጊዋ በዛ፤ ፋብሪካው አልደርስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 የፎርድ ሰዎች ሃይላንድ ፓርክ በሚገኘው ፋብሪካቸው አዲስ ነገር ሞከሩ። ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ሲገጥም 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ሥራውን ለ29 ሰው ከፋፍለው በተንቀሳቃሽ መስመር ላይ ሲያደርጉት 13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆነ። ሠራተኛው እንዳያጎነብስ መስመሩን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲያደርጉት ወደ 7 ደቂቃ ወረደ። ፍጥነቱን ሲያስተካክሉት ደግሞ 5 ደቂቃ ገባ።

ፍጥነቱን እንዴት አስተካከሉት? ፎርድ በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ እንደተረከው መስመሩ መጀመሪያ በደቂቃ 60 ኢንች እንዲሄድ ተደረገ፤ በዛ። ወደ 18 ኢንች ወረደ፤ አነሰ። በመጨረሻ 44 ኢንች ላይ ረጋ፤ 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ 44 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ የተገኘው በሰው እጅ ላይ ተሞክሮ ነው፤ ሰዓቱን የያዘው ግን ባለ እጁ አልነበረም። ሠራተኛው መልሱን የሰጠው በእግሩ ነው። በዚያው በ1913 የፋብሪካው የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ደረሰ። ፎርድ በጥር 1914 የቀን ክፍያውን 5 ዶላር፣ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ያደረገው ይህን ካየ በኋላ ነው።

መኪናው ሲበዛ የሚቆሽሸውም በዛ። በ1914 እዚያው ዲትሮይት ውስጥ መኪናን በተራ የሚያጥብ ቤት ተከፈተ፤ አንዱ ሳሙና ይቀባል፣ ሌላው ያለቀልቃል፣ ሦስተኛው ያደርቃል፤ መኪናው ግን ገና በሰው ጉልበት ነበር የሚገፋው። ከዚያ ካቴናው መጣ። በ1951 ደግሞ ሲያትል ከተማ ውስጥ የአንደርሰን ወንድማማቾች የሰው እጅ የማይነካው እጥበት ጀመሩ። ከካቴና ላይ የተወለደው መኪና ገላውን ለመታጠብ ወደ ካቴና ተመለሰ ማለት ነው።

የካቴናውን ፍጥነት መለካት ከባድ ሙያ አይደለም። ወለሉ ላይ በጠመኔ 10 ሜትር ምልክት ማድረግ፣ ጎማውን የሚገፋው ሮለር ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሁለተኛው ሲደርስ ሰዓት መያዝ ነው። 40 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 15 ሜትር ሄደ። ባዶውንም መኪና ጭኖም ደጋግሞ መለካት ደግ ነው። በዘመናዊዎቹ ላይ ካቴናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምልክት የሚልክ መቁጠሪያ አለ። በ10 ሜትር ውስጥ 100 ምልክት ከቆጠረ አንዱ ምልክት 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ኮምፒውተሩም ብሩሹን መቼ እንደሚያስነሳ የሚያውቀው በዚህ ስሌት ነው። ካቴናው አርጅቶ ሲረዝም ስሌቱ ይዛባል፤ ብሩሹም ጊዜውን ይስታል። እንደገና መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ሂሳብ እንሥራ። ሳሙናው ከሚረጭበት እስከ ማለቅለቂያው 9 ሜትር ነው እንበል። በደቂቃ 15 ሜትር በሚሄድ ካቴና ሳሙናው ጭቃውን ለማላላት 36 ሰከንድ ያገኛል። ባለቤቱ ፍጥነቱን ወደ 20 ሜትር ቢያሳድገው 27 ሰከንድ ይቀረዋል። ለአንድ መኪና ከነክፍተቱ 6 ሜትር ብንይዝለት ቤቱ በሰዓት የሚያስተናግደው ከ150 ወደ 200 ያድጋል። ባለቤቱ 50 መኪና አተረፈ፤ ደንበኛው 9 ሰከንድ ሳሙና ተሰረቀ፤ መጨረሻ ላይ ጨርቅ ይዘው የቆሙት ልጆች ደግሞ ለአንድ መኪና የነበራቸው 24 ሰከንድ 18 ሆነ። አንዲት ቁልፍ ነች የተነካችው።

ወደ ንፋስ ስልክ እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው። ያገሬው ሰው አዲሱን ነገር አይቶ ስም ሲያጣለት በራሱ ቋንቋ የንፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም ጸና። አዲስ ማሽን ያስፈራናል ብለን አናምንም። የእጅ እጥበትም ገነት አይደለም፤ በክረምት ብርድ ቀኑን ሙሉ ውሃና ሳሙና ውስጥ የሚውል እጅ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው። ከተማችን እየተለወጠች ነው፤ ካቴናው ነገ መካኒሳ ላይ ቢተከል ለመደነቅ የምንቸኩል አንሆንም።

የምንለው ሌላ ነው። ዛሬ ጀሞ ላይ ጎማ የሚፈትገው ልጅ ሳያውቀው ለኪ ነው። አረፋው መቼ እንደሚበቃው፣ ጭቃው የአስፋልት ይሁን የኮረኮንች፣ በዓይኑ አይቶ ፍጥነቱን ያስተካክላል። "እንደ ጭቃው" የሚለው መልስ የስንፍና አይደለም፤ የፍጥነቱ ጌታ እሱ መሆኑን የሚናገር ነው። ካቴናው ሲመጣ ከእጁ የሚወጣው ባልዲው ብቻ ሳይሆን ይህ ሥልጣን ጭምር ነው። እናም ያኔ ካቴናው ስንት ብር እንደወጣበት ከመጠየቃችን በፊት በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄድ እንጠይቅ። ጠመኔውንና ሰዓቱንም አጠገቡ ለሚቆሙት ልጆች እንስጣቸው፤ እነሱ ይለኩት።