ብረት ለበሱ፣ ካሚዮኑና የጣርማ በር መንገድ፦ የ1928ቱ ወረራ ከመሣሪያ ታሪክ አንጻር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ብረት ነው። የጦርነት ታሪክን በምናስተምርበት ጊዜ ስለ ንጉሡ፣ ስለ መኳንንቱና ስለ ዲፕሎማሲው ብዙ እንናገራለን፤ ስለ መሣሪያው ስንደርስ ግን «ጠላት ታንክና አውሮፕላን ነበረው፣ እኛ ጦርና ጋሻ ነበረን» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፋለን። ይህ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያቺ ታንክ ምን ዓይነት ታንክ እንደነበረች፣ የት እንደሠራችና የት እንዳልሠራች ሳንጠይቅ እንድናልፍ ስለሚያደርገን አልወደውም።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ በብዛት ይዛ የመጣችው ሲ.ቪ. 33 የተባለውን ቀላል ታንክና ተከታዩን ሲ.ቪ. 35 ነበር። ክብደቱ ከ3 ቶን ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሰው ይይዛል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኩሳል። የብረቱ ውፍረት እንደየቦታው ከ6 እስከ 14 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የሚዞር ማማ የሌለው መሆኑ ነው። መትረየሱ ከፊት ለፊት የተተከለ በመሆኑ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በጥቂቱ ብቻ ይዞራል። ጎኑና ጀርባው ዕውር ነው ማለት ይቻላል። በሜዳ ላይ፣ እግረኛ ጦር አጅቦት፣ መትረየስ በሌለው ሠራዊት ላይ ሲዘምት አስፈሪ ነው። በገደልና በጠባብ በር ውስጥ ግን ራሱን መከላከል የማይችል ሣጥን ይሆናል።

ይህን በተግባር ያሳየው የደንበጉና ውጊያ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራውን ኃይል ጠባቡ በር ላይ ከበበው። ታንኮቹ መንገድ ለመክፈት ደጋግመው ሞከሩ። የእኛ ወታደሮች ግን ከፊት ለፊት መግጠሙን ትተው በጎንና በጀርባ ቀረቡ፤ ድንጋይ አንከባለሉ፣ በላያቸው ላይ ወጡ፣ ውስጥ ያሉትን ታጣቂዎች በቅርብ ርቀት ገጠሟቸው። ቀኑ ሲመሽ የታንኮቹ ጓድ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። በዚያው ሰሞን በኦጋዴን በኩል በሐማንሌይም የኢጣሊያ ታንኮች ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ከደንበጉና ድል አንድ ሳምንት ያህል እንዳለፈ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የወረደው ቦምብ ሳይሆን የመርዝ ጋዝ ነበር። ብረት ለበሱ መክፈት ያልቻለውን በር የከፈተው ጋዙ ነው። ስለዚህ «ታንክ አሸነፈን» የሚለው አባባል ለወራሪው የማይገባውን የቴክኒክ ክብር ይሰጠዋል፤ የፈጸመውንም ወንጀል ከዓይን ይሰውራል።

በእኛ በኩልስ ምን ነበረ? ጥቂት ፊያት 3000 ታንኮች ነበሩን፤ ስማቸው እንደሚመሰክረው የኢጣሊያ ሥሪት ናቸው። ለውጊያው ያመጡት ለውጥ የለም። ይልቅ ለታሪክ ተማሪ የሚጣፍጠው ከጀርመን የመጣው መሣሪያ ነው። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ዴቪድ ሆል በርሊን ሄዶ ርዳታ ጠየቀ። ሂትለር በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተኳርፎ ነበር፤ ኢጣሊያ በአፍሪካ ተራሮች ውስጥ ተጠምዳ ብትቆይ ለእርሱ ይጠቅመዋል። ስለዚህም በምስጢር ገንዘብ ፈቀደ። በዚህ ስምምነት 10,000 የማውዘር ጠመንጃዎች፣ 10 ሚሊዮን ጥይትና 37 ሚሊሜትር ጸረ ታንክ መድፎች የፋብሪካ ምልክታቸው ተፍቆ ተላኩ። ለኢትዮጵያ ነጻነት ከመቆርቆር የመነጨ አልነበረም፤ ጠመንጃው ግን ተኩሷል።

ይህ 37 ሚሊሜትር መድፍ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር መደበኛ ጸረ ታንክ መሣሪያ ሆኗል፤ አንድ ሙሉ የታጠቀ ክፍለ ጦር ከ70 በላይ ይይዝ ነበር። ስለ ጀርመን ጦር ስናስብ በዓይናችን የሚመጣው የታንክ ሰልፍ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። በ1932 ዓ.ም. መባቻ ፖላንድን የወረረው ተራው እግረኛ ክፍለ ጦር ወደ 17,000 የሚጠጋ ሰውና ወደ 5,000 የሚጠጋ ፈረስ ነበረው፤ ብረት ለበስ መኪኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ እነርሱም ለቅኝት የተመደቡ ነበሩ። መድፉን የሚጎትተው ፈረስ፣ ስንቁን የሚጭነው ጋሪ ነው። እንግዲህ በ1928 የኢትዮጵያ ጦር በበቅሎና በአህያ መጓዙን እንደ ኋላቀርነት ምልክት ብቻ የሚያዩ ጸሐፊዎች የአውሮፓን ጦር በቅጡ አልተመለከቱም። ልዩነቱ ያለው ከእንስሳው ላይ አይደለም፤ ከጥይቱ አቅርቦት፣ ከሬዲዮውና ከአውሮፕላኑ ላይ ነው። ለአንድ 37 ሚሊሜትር መድፍ ተኳሽ፣ ጥይትና የሚያዝዝ ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መድፉ ዕቃ ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያደረገውን ጉዞ ፋሺስቶች «የብረት ፈቃድ» ብለው ሰየሙት። ሚያዝያ 18 ቀን የተነሣው አምድ ወደ 1,700 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ታንኮቹ አንድ ጓድ ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት አባቶቻችን ካሚዮን የሚሏቸው የጭነት መኪኖች ነበሩ። የ«ብረት ፈቃድ» አካሉ እንግዲህ ሸራ የለበሰ ካሚዮን ነው። ካሚዮን ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ የተጓዘበትም መንገድ ለማይጨው ግንባር ስንቅና ጥይት ያመላለስንበት የራሳችን መንገድ ነበር።

ይህን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ አምዱ የት እንደሚቆም ይገምታል፤ ጣርማ በር ላይ። ከደብረ ሲና ቆላ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው አፋፍ ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። በዚያ አካባቢ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች መከላከያ ይዘው ነበር፤ ዕድሜያቸው ከእናንተ ከተማሪዎቼ የሚበልጥ አልነበረም። የማርሻሉ መኪኖች ወታደሩ በአካፋና በዶማ መንገዱን እስኪጠግን ድረስ ተሰልፈው ቆሙ። የመዘግየቱ ልክ አንድ ሁለት ቀን ነው። የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ሆኖም በቂ ሰው፣ በቂ ፈንጂና አንድ ወር ቀደም ያለ ዝግጅት ቢኖር ይህ አፋፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ ወዲህ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጫጫ አለ። ሚያዝያ 26 ቀን አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ እዚያ ደፈጣ አድርጎ የጠላትን ጦር መታ። ስሙን በከተማችን ትምህርት ቤት ላይ በየቀኑ ታነቡታላችሁ። በብዛት የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 170 ነው። ነገር ግን ሟቾቹ እነማን ነበሩ? በበዓል ቀን ንግግር ላይ «170 ጣሊያን ተገደለ» ሲባል እሰማለሁ። የሞቱት ጣሊያኖች አይደሉም፤ ኢጣሊያ ከቅኝ ግዛቷ የመለመለቻቸው አስካሪዎች ናቸው። ካሚዮኑ ለነጩ ወታደር ነበር። የኤርትራ ብርጌዶች ግን ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ በአብዛኛው በእግራቸው ተጉዘው ከሞተረኛው አምድ ቀድመው ደረሱ፤ ማርሻሉ በመኪና እስኪገባ ድረስም ከከተማዋ ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ። የደፈጣው ጀግንነት በዚህ አይቀንስም። እኛ ግን ታሪክ እንጽፋለን የምንል ሰዎች ስለሆንን የሟቹን ማንነት መለወጥ አንችልም። በጫጫ ሜዳ ላይ የተዋጉት ሁለቱም ወገኖች ቋንቋ ቢነጋገሩ ይግባቡ የነበሩ ሰዎች ነበሩ ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ከሚያዝያ 27 በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በአንኮበር ዙሪያ ብረት ለበሱ ዋጋ አጣ። ከመንገዱ አንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ከራቁ በኋላ መኪና የለም። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ይህን ዐውቀው ተዋጉ፤ ጠላትም መንገዱንና ምሽጉን ይዞ፣ ተራራውን ትቶ ተቀመጠ። በጣርማ በር ዓለቱን ፈልፍሎ 587 ሜትር ዋሻ ሠርቶ በሙሶሊኒ ስም ጠራው።

በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ሲገሰግስ፣ አፈግፋጊዎቹ ኢጣሊያኖች በራሳቸው ዋሻ ላይ መንገዱን በፈንጂ አፍርሰው ቆዩት። በዚያው አፋፍ ላይ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሌላ የካሚዮን ሰልፍ መንገድ እስኪጠገን ቆመ። ዋሻው ዛሬም ያገለግላል፤ ወደ ወሎ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በውስጡ ያልፋል።