ታንኳና ጀልባ ከውሃ ሲወጡ

ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው ታንኳ በቁሙ ተደግፎ ሲደርቅ ማየቱ የተለመደ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ሲሆን፣ በሥራው በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይታወቃል። ደንገል ቀላል ቢሆንም ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ከሐይቁ ወጥቶ ይቆማል፤ ውሃውም ይንጠፈጠፋል። እርጥብ መሬት ላይ ተጋድሞ ከከረመ ይበሰብሳል።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና በተወሰደ ደንገል ባሠራት «ራ» አትላንቲክን ለማቋረጥ ሞክሮ፣ ጀልባዋ ውሃ ጠጥታና ኋላዋ ሰምጦ ካሪቢያን ሳትደርስ ተትታለች። በ1970 «ራ 2» ባርባዶስ ደረሰች።

ከሆዱ ሥር «ኪል» የሚባል ከባድ ክፍል ያለው ባለ ሸራ ጀልባ ግን አቀማመጡ ሌላ ነው። ክብደቱ በሙሉ በኪሉ በኩል በወፍራም የእንጨት ጉማጆች ላይ ማረፍ አለበት። የጎን ድጋፎች ሥራ ጀልባው እንዳይወድቅ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ክብደቱን ከተሸከሙ ገላውን ያጎደጉዱታል። ስለዚህ ድጋፎቹ ውስጡ በግድግዳ በተጠናከረበት ቦታ ትይዩ ይደረጋሉ፤ የግራና የቀኙም በሰንሰለት ይያያዛሉ። የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት አፍንጫው ትንሽ ከፍ ይላል። የመሸፈኛው ሸራ ገመድ ከድጋፎቹ ጋር ፈጽሞ አይታሰርም፤ ነፋስ ሸራውን ሲመታ ድጋፉን ይነቅለዋል።

በክረምት መሬቱ ስለሚለሰልስ ከየድጋፉ እግር ሥር ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላም መፈተሽ ይገባል።