የጅማ ቡናና የባሕር ማዶ ጨርቅ

አወቱ ወንዝ ሰንጥቋት የሚያልፋት ጅማ ከተማ ከመባሏ በፊት ገበያ ነበረች። ሂርማታ የተባለው የሐሙስ ገበያዋ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከከፋ የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ያገናኝ ነበር። ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ፣ ወላይታና ከፋ በጦርነት ሲወድሙ የጅማ ንግድ አልተቋረጠም።

ከዚህ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣ ነበር፤ ባሪያም ይወጣ ነበር። ባሪያውን ዘልሎ የጅማን ሀብት የሚያወራ ሰው ታሪኩን ጎምዷል። የሚገባው ደግሞ አሞሌ ጨው፣ መዳብ፣ ዶቃና ጨርቅ ነበር።

ከጨርቁ ሁሉ ስሙ የገነነው አቡጀዲ ነው። ይህ ያልነጣ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ፋብሪካዎች እየተሸመነ፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች አልፎ በበቅሎና በአህያ ወደ መሐል አገር ይገባ ነበር። አሜሪካኖች በ1861 እርስ በርስ መዋጋት ሲጀምሩ ጥጡ ተወደደ፤ የእንግሊዝና የህንድ ጨርቅም ክፍተት አገኘ። በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰና የማጓጓዣው ዋጋ ቀነሰ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ገበያው በርካሹ የጃፓን ጨርቅ እጅ ወደቀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሸማኔው አልጠፋም። አቡጀዲው ለሥራ ልብስ ይበቃል፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለብርድ ግን ሰው ነጠላውን፣ ጋቢውንና ቡልኮውን አልተወም። ብልሃተኛው ሸማኔ ከፋብሪካው ጋር ከመሟገት ይልቅ ክሩን ገዛ፦ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆነ። በዚህ የተጎዱት ፈታዮቹ ናቸው። ሴቶች ቡና እያፈሉ፣ እየተጨዋወቱ በእንዝርት ይሠሩት ከነበረው ሥራ ድሩ በጸጥታ ተወሰደ። ስለ ሸማኔው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነሱ ግን እምብዛም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2018 መጨረሻ የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። 61 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ፓርክ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የታሰበ ነበር። አቡጀዲ ትልክ ለነበረችው አሜሪካ አሁን ኢትዮጵያ ልብስ ሰፍታ ልትልክ! ተስፋው ግን ያረፈው ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ያስገባ በነበረው የአጎዋ ሕግ ላይ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሳቢያ ዋሽንግተን ከጥር 2022 መባቻ ጀምሮ በሩን ዘጋች። የታዋቂ የልብስ ብራንዶች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ያንን ቀን እንኳ ሳይጠብቅ የሐዋሳ ፋብሪካውን ለቆ ወጣ። የጅማ ፓርክ ደግሞ ገና ከጅምሩ ባለሀብት የራቀው ነበር።

ስህተቱ በአንድ ሩቅ ገዢ ላይ መደገፍ ነው። ሸማኔው ድሩን ከባሕር ማዶ ሲገዛ እንኳ ጋቢውን የሚገዛው ጎረቤቱ ነበር። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ስምምነት በ2019 አጽድቃለች፤ ለጅማ ፓርክ ሼዶች ምርት ገዢ የሚያፈላልጉ ሰዎች መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባና ወደ ናይሮቢ ይመልከቱ።